የቤት ግንባታ መርሐ ግብር አወጣጥ፦ ቀን የሚጻፈው በመጨረሻ ነው

ቤት የምታሠሩ ወዳጆቼም፣ ገና ሳይት የተመደባችሁ ወጣት መሐንዲሶችም፣ ውጭ አገር ሆናችሁ ለቤተሰብ የምታስገነቡም አንድ ዓይነት ጥያቄ ትልኩልኛላችሁ። «ኮንትራክተሩ በስምንት ወር አስረክባለሁ ብሏል፤ ይሆናል ወይ? ፕሮግራሙን እኔ ራሴ ላውጣ ብልስ ከየት ልጀምር?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

ምሳሌዬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ጂ ፕላስ ዋን፣ ማለትም ከመሬት ወለሉ በላይ አንድ ፎቅ ያለው መኖሪያ ቤት ነው። አንዱ ወለል 100 ካሬ ሜትር ነው። ኮለኑ (ምሰሶው) እና ሶሌታው (የፎቁ ወለል) አርማታ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሕንጻው ትልቅ ሲሆን መስመሩ ይበዛል እንጂ አሠራሩ አይለወጥም።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ቀን የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ብዙ ሰው «ለፋሲካ እንግባ» ብሎ ይነሳና ያለውን ጊዜ ለሥራዎቹ ያከፋፍላል። እንዲህ የወጣ ወረቀት ምኞት ነው፤ አንድ ሳምንት አይቆይም። መጀመሪያ ሥራው ይዘርዘር። ከዚያ መጠኑ ይሰላ፣ የሠራተኛው አቅም ይታወቅ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ይለይ። ይህን ሁሉ ካላንደር ላይ ስታወርዱት ቀኑ ራሱ ይወጣል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የተሟላ ፕላን፦ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪ እና የኤሌክትሪክ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካልተሟሉ አትጀምሩ። ሶሌታ ውስጥ የሚቀበረው ኮንዲት (የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) እና ቧንቧ እነሱ ላይ ነው ያለው።
- የሥራ ዝርዝርና መጠን የያዘው ሰነድ፣ ማለትም ቢል ኦፍ ኳንቲቲው።
- ውሉ፦ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ ክፍያው በምን ደረጃ እንደሚለቀቅ።
- የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን ያለበት ካላንደር።
- ኤክሴል ያለው ኮምፒውተር። ከሌለ ባለ ካሬ ሰፊ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ይበቃል።
- ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ወረቀቶች።
- ፎርማኑ (የሠራተኞቹ አለቃ)፣ ግንበኛው፣ ፌራዮው (ብረት አሳሪው)፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎቹ። ሻይ ጋብዛችሁ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀምጧቸው። ከዝርዝሩ ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው። ሥራውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በትኑት

«የኮንክሪት ሥራ፣ 2 ወር» የሚል መስመር ምንም አይነግራችሁም። ዘግይቶ እንደሆነ የምታውቁት ሁለቱ ወር ሲያልቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ እስኪበቃው ከፋፍሉት። መለኪያዬ እንዲህ ነው፦ አንድ መስመር በአንድ ቡድን፣ በአንድ ቦታ የሚሠራ፣ ከ2 እስከ 10 ቀን የሚፈጅ፣ ማለቁም በዓይን የሚታይ መሆን አለበት።

የመጀመሪያውን ፎቅ ሶሌታ እንውሰድ። «ሶሌታ» አንድ ሥራ ይመስላል። ሲበተን ግን ይኸው፦

- የፎርምወርክ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) እና የድጋፍ ሥራ
- የታች ፌሮ (የአርማታ ብረት) ማንጠፍና ማሰር
- ኮንዲት፣ የመብራት ቦክስና የቧንቧ ማሳለፊያ ማስቀመጥ
- የላይ ፌሮ ማሰር
- ፍተሻ
- አርማታ መሙላት
- ውሃ ማጠጣት
- ድጋፉን አቆይቶ መንቀል

አሁን ኤሌክትሪሺያኑ መቼ መጠራት እንዳለበት ታየ። የታች ፌሮ ታስሮ የላዩ ሳይሸፍነው ነው። አንድ መስመር ብቻ ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ የሚጠራው የአርማታ ማቡኪያው ሚክሰር ሊነሳ ሲል ነበር። አለበለዚያም የደረቀ ሶሌታ ሊፈለፈል ነው።

ቤቱን በሙሉ በዚህ መንገድ በትኑት፦ ቅየሳና ቁፋሮ፣ ፉቲንግ (ከኮለን ሥር ያለው የመሠረት አርማታ)፣ የድንጋይ ግንብ፣ ግሬድ ቢም (ከመሬት ወለሉ ሥር ያለው አግዳሚ አርማታ)፣ የገረጋንቲ ሙሌት፣ የመሬት ወለል፣ ኮለን፣ ሶሌታና ደረጃ፣ የላይ ኮለንና ቢም፣ ጣሪያ፣ ብሎኬት፣ መስመር ዝርጋታ፣ ልስን፣ ወለል፣ ኮርኒስ፣ በርና መስኮት፣ ቀለም፣ የውጭ ሥራ። ለጂ ፕላስ ዋን ከ60 እስከ 80 መስመር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የሚያድሰው ሰው ይሰለቻል፤ ያልታደሰ ፕሮግራም ደግሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው።

ደረጃ 2፦ መጠኑን አስሉ

ከቢል ኦፍ ኳንቲቲው ውሰዱ። ግን ሰነዱ የቤቱን ጠቅላላ ድምር ስለሚሰጥ በወለል ከፋፍሉት። ሰነዱ ከሌለ ከፕላኑ ለኩ። የመሬት ወለሉ ብሎኬት ለምሳሌ፦

የውጭ ግድግዳ ዙሪያው 40 ሜትር፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር ከሆነ 112 ካሬ ነው። በርና መስኮት 22 ካሬ ሲቀነስ 90 ይቀራል። የውስጥ ግድግዳ 25 ሜትር በ2.8 ሲባዛ 70 ነው፤ የበር 10 ካሬ ሲቀነስ 60። ድምሩ 150 ካሬ ሜትር።

ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ የሆነ ብሎኬት በካሬ 12.5 ይገባል። ስለዚህ 1,875 ብሎኬት ማለት ነው። ለስብራት 5 በመቶ ስትጨምሩ ወደ 1,970 ይደርሳል። ይህ ቁጥር ኋላ ለማዘዣም ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 3፦ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አውጡ

ቀመሩ አንድ ነው፦ መጠን ሲካፈል ለቡድኑ የቀን ምርት። ችግሩ የቀን ምርቱን ከየት ታመጣላችሁ ነው። ከሌላ አገር ከተጻፈ መጽሐፍ አትውሰዱ። እዚያ ብሎኬቱ በማሽን ፎቅ ድረስ ይወጣል፤ እኛ ጋ በሰው ትከሻ ነው። ግንበኛውን ጠይቁት። እሱ የሚነግራችሁ የጥሩ ቀኑን ነው። ከዚያ ፎርማኑን ጠይቁ። እሱ ደግሞ ጠንቀቅ ብሎ ይናገራል። ሁለቱን አስተያዩና ወደ ፎርማኑ ጠጋ በሉ።

አንድ ግንበኛ ከረዳቱ ጋር በቀን 8 ካሬ ይገነባል እንበል። ሁለት ግንበኛ ሲሆኑ 16 ነው። 150 ለ16 ሲካፈል 9.4 ይመጣል፤ 10 ቀን ብላችሁ ጻፉ። ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚጠጋው።

ሠራተኛ በእጥፍ ሲጨምር ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል ብላችሁ አትቁጠሩ። 100 ካሬ ቤት ውስጥ ስድስት ግንበኛ ከነረዳቱ ሲገባ መተላለፊያ ይጠፋል፣ መወጣጫ አይበቃም፣ ሞርታር የሚያቦካው አንድ ሰው አይደርስላቸውም። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ያሰባችሁትን የሰው ብዛት ጻፉ። በኋላ ሥራው ሲጓተት «ሁለት ግንበኛ ነበር ያሰብነው፤ ያለው አንድ ነው» ለማለት የምትችሉት ያን ጊዜ ነው።

ደረጃ 4፦ መጠበቅንም እንደ ሥራ ጻፉት

በማያቸው ፕሮግራሞች ሁሉ አዘውትሮ የሚጎድለው ይህ ነው። ሰው ስለማይሠራበት መስመር አይሰጡትም። ቀን ግን ይበላል።

መጀመሪያ አርማታው። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣል። በተለመደው አሠራር የኮለን ፎርምወርክ በማግስቱ ይነሳል። ከሶሌታ ሥር ያለው ድጋፍ 14 ቀን፣ ከቢም ሥር ያለው 21 ቀን ይቆያል። የፕላኑ ማስታወሻ ወይም መሐንዲሱ ሌላ ካለ የሚሠራው የእሱ ነው። በነዚህ ቀናት ከሶሌታው በታች ያለው ወለል በድጋፍ የተሞላ ጫካ ስለሆነ ብሎኬት አይሠራበትም። ከላይ ግን የኮለን ፌሮ መቀጠል ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው የብሎኬት ቡድኑን በአምስተኛው ቀን ይጠራና ሲመልሰው ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አርማታ እሑድንና በዓልን አያውቅም፤ ቀን ከሌሊት ይጠነክራል። የመጠበቂያ ቀናትን በካላንደር ቀን፣ የሥራ ቀናትን ደግሞ በሥራ ቀን ቁጠሩ። ሁለቱን ብትቀላቅሉ 14 ቀኑ 16 ወይም ከዚያ በላይ ይሆንባችኋል።

ከዚያ ትእዛዝ። የአሉሚኒየም መስኮት፣ የእንጨት በር፣ የደረጃ መወጣጫ ብረት፣ የኪችን ካቢኔት ሁሉም ወርክሾፕ ውስጥ ሳምንታት ይወስዳሉ። «ልኬት መውሰድ»፣ «ማምረት»፣ «መግጠም» ብላችሁ በሦስት መስመር ጻፉ። የላብራቶሪ ውጤትም አለ፤ የአርማታ ናሙና በ7 እና በ28 ቀን ይሰበራል። የመንግሥት ፍተሻ የሚጠይቅ ደረጃ ካለም ለቀጠሮው ቀን ስጡ።

ደረጃ 5፦ ማን ማንን ይጠብቃል?

እያንዳንዱን ሥራ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ባለሙያዎቹን ፊቱ አቁማችሁ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ እንዲጀመር ምን ማለቅ አለበት?» ወረቀቶቹን አንቀሳቅሱ፤ መስመር አስምሩ። ኤሌክትሪሺያኑና ለሳኙ እዚያው ይከራከራሉ። ይከራከሩ። ሳይት ላይ ከሚጣሉ ወረቀት ላይ ቢጣሉ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦

- ልስን ከኮንዲት ቀበራና ከግድግዳ ቧንቧ በኋላ ነው።
- ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ቧንቧው በግፊት ተፈትኖ አለመፍሰሱ መታየት አለበት። ከሴራሚኩ በኋላ የተገኘ ፍሳሽ ሴራሚኩን ያስነቅላል።
- ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት የጣሪያው ፍሳሽና በላዩ የሚያልፈው ሽቦ ይታይ።
- የመስኮት ልኬት የሚወሰደው ጠርዙ ከተለሰነ በኋላ ነው፤ ከፕላን ላይ አይወሰድም።

ሁሉም ሥራ የግድ የፊተኛው ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ አይጠብቅም። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ብሎኬት ካለቀ ኮንዲት ቀባሪው ከኋላ መከተል ይችላል። እንዲህ ያለውን «ብሎኬት ከተጀመረ ከ4 ቀን በኋላ» ብላችሁ ጻፉት።

ደረጃ 6፦ ክሪቲካል ፓዙን አግኙ

ክሪቲካል ፓዝ ማለት አንድ ቀን ሲዘገይ ርክክቡን አብሮ አንድ ቀን የሚያዘገይ የሥራ ሰንሰለት ነው። ሌሎቹ ሥራዎች ትርፍ ቀን አላቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ የማያስቸኩለውን ታስቸኩላላችሁ። የማጠናቀቂያውን ምዕራፍ በቁጥር እንየው። ጣሪያና ብሎኬት አልቋል፤ ቀን 1 ላይ ነን፤ ሁሉም የሥራ ቀን ነው።

- ኮንዲት ቀበራ፣ 5 ቀን፦ ከ1 እስከ 5
- የግድግዳ ቧንቧ፣ 6 ቀን፦ ከ1 እስከ 6
- የበር ፍሬም ማቆም፣ 3 ቀን፦ ከ1 እስከ 3
- ልስን፣ 18 ቀን፣ ከሦስቱም በኋላ፦ ከ7 እስከ 24። የመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ማለትም ከ7 እስከ 11 የመስኮት ጠርዞች ይለሰናሉ።
- የመስኮት ልኬት፣ 1 ቀን፦ ቀን 12
- መስኮት ማምረት፣ 20 ቀን፦ ከ13 እስከ 32
- መስኮት መግጠም፣ 3 ቀን፦ ከ33 እስከ 35
- ሴራሚክ፣ 10 ቀን፣ ከልስን በኋላ፦ ከ25 እስከ 34
- ኮርኒስ፣ 8 ቀን፣ ከልስን በኋላ፦ ከ25 እስከ 32
- ቀለም፣ 10 ቀን፣ ከመስኮት፣ ከሴራሚክና ከኮርኒስ በኋላ፦ ከ36 እስከ 45

አሁን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ተመለሱ። ቀለም በ36 እንዲጀምር ሦስቱም በ35 ማለቅ አለባቸው። ሴራሚክ በ34 ስለሚያልቅ 1 ትርፍ ቀን አለው። ኮርኒስ 3 አለው። መስኮት ምንም የለውም። ወደ ላይ ስትወጡ ኮንዲት 1፣ የበር ፍሬም 3 ትርፍ ቀን አላቸው፤ ቧንቧ የለውም። ስለዚህ ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ ቧንቧ፣ የመስኮት ጠርዝ ልስን፣ ልኬት፣ ማምረት፣ መግጠም፣ ቀለም።

ሳይት ላይ ቆማችሁ ብታዩት ዋናው ሥራ 18 ቀን የሚፈጀው ልስን ይመስላችኋል። ለሳኝ ጨምሩ ትላላችሁ። ቀኑን የያዘው ግን ሌላ ቦታ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ያለው መስኮት ነው። ልኬቱን ረስታችሁ ልስኑ በሙሉ ካለቀ በኋላ በ25ኛው ቀን ብታስወስዱ ማምረቱ እስከ 45፣ መግጠሙ እስከ 48፣ ቀለሙ እስከ 58 ይሄዳል። 13 ቀን ጠፋ። ያጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለሳኙንም «ከመስኮት ጠርዝ ጀምር» የምትሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 7፦ ካላንደር ላይ አውርዱት

ሳምንቱ 6 የሥራ ቀን ነው ካላችሁ እሑድን አውጡ። ከዚያ በዓላቱን፦ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ዓድዋ፣ ስቅለትና ፋሲካ፣ የሠራተኞች ቀን፣ የአርበኞች ቀን። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያሉ ስለሚመጡ የዘንድሮውን ቀን አረጋግጡ። ቀይ ያልሆኑ ቀናትም አሉ። በወር በዓል ሥራ የማይገባ ግንበኛ አለ። ለመስቀል አገር ቤት የሚገባ ቡድን በማግስቱ አይመለስም። ከገጠር የመጣው የቀን ሠራተኛ በአዝመራ ወቅት ይሄዳል። ሠራተኞቻችሁን «መቼ መቼ ትሄዳላችሁ?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ በዚህ ሁሉ የተነሳ በወር ከ22 የሥራ ቀን በላይ አልቆጥርም።

ቀጥሎ ክረምት። አዲስ አበባ ላይ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። የበልጉ ዝናብም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «መቼ እንጀምር?» ሳይሆን «ጣሪያው ከሰኔ በፊት ይመታል ወይ?» ነው። ከቁፋሮ እስከ ጣሪያ 5 ወር ተኩል የሚፈጅ ከሆነ ከግንቦት አጋማሽ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ቁፋሮ መጀመር አለበት። ጣሪያ የተመታለት ቤት ክረምቱን በሙሉ ከውስጥ ይሠራል። ክረምት ላይ የግድ ውጭ የሚሠራ ካለ የሐምሌንና የነሐሴን ቀን በግማሽ ቁጠሩት። አርማታውንም ጠዋት ጀምሩ። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።

አንድ የኮምፒውተር ጉዳይ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው። መስከረም 1 እንደ ፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች ዓመት በኋላ ግን 12 ይሆናል። ውሉ በኢትዮጵያ፣ ፕሮግራሙ በፈረንጅ ከሆነ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ አስቀምጡ። ተራው የኤክሴል የሥራ ቀን ቀመር ቅዳሜንም ይዘላል። እሑድን ብቻ የሚዘለውን ምረጡ።

ደረጃ 8፦ ሰንጠረዡን ሥሩ

ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ ተራ ቁጥር፣ ሥራ፣ መጠን፣ ቡድን፣ የቀን ብዛት፣ ከምን በኋላ፣ መጀመሪያ፣ መጨረሻ፣ ትርፍ ቀን። በስተቀኝ ቀናቱን ደርድሩና ሴሎቹን ቀለም ቀቡ። ክሪቲካል የሆነውን ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ፣ መጠበቂያውን ግራጫ። ትልቅ አድርጋችሁ አትሙና ሳይት ቢሮ ውስጥ ለጥፉት። ከመጀመሪያው ቅጂ አንዱን ለብቻው አስቀምጡ፤ ፈጽሞ አትንኩት። ምን ያህል እንደዘገያችሁ የምትለኩት በሱ ነው።

ደረጃ 9፦ ዕቃውንና ገንዘቡን እሰሩበት

የማዘዣ ቀን ማለት ዕቃው የሚፈለግበት ቀን ሲቀነስ የማድረሻው ጊዜ ነው። ጥቂት ቀንም ለመንገድና ለዋጋ ድርድር ጨምሩ። ለሶሌታው እናስላ። 100 ካሬ በ0.15 ሜትር ውፍረት 15 ሜትር ኩብ ነው። ቢሙ 5 ቢሆን ድምሩ 20 ነው። ለሲ 25 አርማታ (ሲ 25 የጥንካሬ ደረጃው ነው) በሜትር ኩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ብንይዝ 72 ኩንታል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎው 144 ከረጢት። ይህ ሁሉ ሙሌቱ ከመጀመሩ በፊት ሳይት መግባት አለበት። መሐል ላይ ሲሚንቶ ቢያልቅ ሶሌታው መሐሉ ላይ ይቆማል፤ የቆመበት መጋጠሚያም ደካማ ይሆናል።

በሌላ በኩል ሲሚንቶ ከወራት በፊት አከማችታችሁ አታስቀምጡ። እርጥበት ይጠጣል፤ አቅሙም ይወርዳል። የገዛችሁትን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ደርድሩ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሥራ ወጪውን ጻፉና በየሳምንቱ ደምሩ። ከውጭ የምትልኩ ሰዎች በተለይ ይህን ዓምድ አትዝለሉት። የመስኮት ቅድመ ክፍያና የሴራሚክ ግዢ አንድ ሳምንት ላይ እንደሚገጥሙ ከሁለት ወር በፊት ታዩታላችሁ። ገንዘቡ ካልደረሰ ፕሮግራሙን አሁን አስተካክሉ።

ደረጃ 10፦ መጠባበቂያ ቀን

በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ሁለት ሁለት ቀን አትደብቁ። የተሰጠው ቀን ሁሉ ያልቃል። እውነተኛውን ቀን ጻፉና መጠባበቂያውን በግልጽ መስመር ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ከጣሪያው በኋላ ከሰኔ በፊት፣ ሌላውን ከርክክቡ በፊት። እኔ ከጠቅላላው የሥራ ቀን አንድ አስረኛውን እይዛለሁ።

ደረጃ 11፦ ቅዳሜ ቅዳሜ አድሱት

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ከፎርማኑ ጋር ዙሩ። «ምን ያህል ቀረ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ትንሽ ነው» ይላችኋል። ሜትር ይዛችሁ ለኩ።

የብሎኬቱን ምሳሌ እንቀጥል። ቡድኑ 6 ቀን ሠርቷል። በፕሮግራሙ 96 ካሬ ማለቅ ነበረበት። ለካችሁ፤ 66 ነው። «30 ካሬ ወደ ኋላ ቀረን፣ የሁለት ቀን ሥራ ነው» ማለት ስህተት ነው። ትክክለኛው የቀን ምርት 11 ካሬ ሆኗል። የቀረው 84 ካሬ ለ11 ሲካፈል 8 ቀን ይፈጃል። 10 ቀን የተባለው 14 ሊሆን ነው። መዘግየታችሁ 4 ቀን ነው። ይህን በስድስተኛው ቀን ስታውቁ ገና ጊዜ አላችሁ። ምክንያቱን ፈልጉ፤ ብሎኬት ዘግይቶ እየመጣ ነው? ረዳቱ አንድ ብቻ ነው? መወጣጫ እየጠበቁ ነው? የግንበኛው ስንፍና ከሚሆንበት ይልቅ ዕቃ የሚጠፋበት ጊዜ ይበዛል።

ከዚያ የሚቀጥሉትን ሦስት ሳምንታት ብቻ ለይታችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ፕላኑ አለ? ዕቃው አለ? ሰው አለ? ቦታው ነጻ ነው? ከአራቱ አንዱ «የለም» ከሆነ ሥራው እስኪሟላ ድረስ ለሰኞ አይመደብ። የጎደለውን ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያሟላ ስሙን ጻፉ። በየቀኑ ከአንድ ቦታ አንድ ፎቶ አንሱ። ክርክር ሲነሳ ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 12፦ ስትዘገዩ

መጀመሪያ የዘገየው ሥራ ትርፍ ቀን እንዳለው እዩ። ካለው ተዉት። ክሪቲካል ከሆነ እሱ ላይ ብቻ ሰው ወይም ሰዓት ጨምሩ። ካልበቃ መደራረብ የሚቻለውን ፈልጉ፤ ለምሳሌ ላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ሲሠራ ታች ሴራሚክ ይለጠፍ።

ማስጠንቀቂያ

- ጊዜ ለማካካስ ድጋፍ ቀድማችሁ አትንቀሉ። እዚህ ላይ ቀን አይቆጠብም። ሰው ይሞታል።
- ገና ባልጠነከረ ሶሌታ ላይ ብሎኬት፣ አሸዋና ሲሚንቶ ከምሮ ማስቀመጥ ክልክል ነው።
- ጉድጓዱን ቆፍራችሁ ለሳምንታት ክፍት አትተዉ፤ በተለይ ዝናብ ሲቃረብ። ጎኑ ይናዳል። ጥቁር አፈር ከሆነማ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልስና እንደገና ያስቆፍራችኋል። የፉቲንጉ ፌሮና ሲሚንቶ ሳይገባ ቁፋሮ አይጀመር።
- ፍተሻን አትዝለሉ። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ፌሮው አይታይም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- *ፕሮግራሙን ቢሮ ውስጥ ብቻውን የሚያወጣ መሐንዲስ።* ግንበኛው ያልተስማማበትን ቀን አያከብረውም። ፎርማኑ ይፈርምበት።
- *ቀኑ ሲያልፍ መጨረሻውን ብቻ እየገፉ መጻፍ።* መዘግየቱ ይጠፋል፤ ምክንያቱም አይታወቅም። አሮጌው ቀን ከጎኑ ይቆይ፤ የዘገየበትም ምክንያት በአንድ መስመር ይጻፍ።
- *የለውጥ ትእዛዝን አለመቁጠር።* ባለቤቱ «ይቺን ግድግዳ ወዲያ ግፉልኝ» ሲል ዋጋ ብቻ ሳይሆን ቀንም ይነገረው። ከመፈረሙ በፊት ፕሮግራሙ ላይ አስገብታችሁ ስንት ቀን እንደሚጨምር አሳዩት።
- *የውሃ፣ የመብራትና የፍሳሽ መስመር ማስገቢያን ለመጨረሻ መተው።* ማመልከቻው ቀን ይወስዳል። ጣሪያው እንደተመታ ጀምሩት፤ ትርፍ ቀኑንም አስልታችሁ ጻፉለት።
- *በአንድ ቡድን ሁለት ቦታ መሥራት።* ያው ለሳኝ በአንድ ሳምንት ላይኛው ፎቅም የውጭ ግድግዳም ላይ ተጽፎ አገኘዋለሁ። ሰንጠረዡን በቡድን ስም ደርድሩትና አንድ ስም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መምጣቱን እዩ። ከመጣ አንዱን ሥራ ግፉት፤ ወይም ሌላ ቡድን አሁኑኑ ፈልጉ።